ስለ ተሽከርካሪ ቅርጽና የአየር ተቃውሞ በነጋዴው ወጪ ላይ ስላለው ድርሻ

ነጋዴ የጭነቱን ወጪ ሲያሰላ ናፍጣውን፣ ጎማውንና የሾፌሩን አበል ይቈጥራል፤ አየር የሚወስደውን ድርሻ ለይቶ የሚቈጥር ግን ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ተሽከርካሪ በሄደ ቍጥር ፊት ለፊቱ ያለውን አየር እየገፋ የሚያልፍ ስለ ሆነ፣ ለዚህ ሥራ የሚቃጠለው ነዳጅ ከነጋዴው ኪስ የሚወጣ ነው።

የአየር ተቃውሞ በአራት ነገሮች ይወሰናል፤ እነዚህም የአየሩ ጥግግት፣ የተሽከርካሪው የፊት ስፋት፣ የአካሉ ቅርጽና ፍጥነቱ ናቸው። ከሁሉ የሚበረታው ፍጥነት ነው፤ ፍጥነት ዕጥፍ ሲሆን ተቃውሞው አራት ዕጥፍ ይሆናልና።

ይህንም ከአረቅጥ ወደ አዲስ አበባ ድንች ወይም ገብስ በሚጭን ነጋዴ ጕዞ ላይ መመልከት ይቻላል። በጉመር ደጋ ዳገት ላይ መኪናው በዝግታ ስለሚሄድ ነዳጁን በይበልጥ የሚበላው የጭነቱ ክብደት ነው። ከወልቂጤ ወዲያ፣ በወሊሶ በሚያልፈው አስፋልት ላይ ፍጥነቱ ሲጨምር ግን የአየሩ ድርሻ ከፍ ይላል። 100 ኪሎ ሜትር መንገድ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ አውቶሞቢል በ75 ደቂቃ፣ 100 የሚሄደው ደግሞ በ60 ደቂቃ ይጨርሰዋል። የተገኘው ትርፍ 15 ደቂቃ ብቻ ሲሆን፣ አየሩን ለመግፋት የሚወጣው ጕልበት ከግማሽ በላይ ይጨምራል።

ስለ ቅርጽ የሆነ እንደ ሆነ፣ መሐንዲሶች የአካልን ቅርጽ የሚመዝኑበት የተቃውሞ ቍጥር አላቸው፤ ቍጥሩ ባነሰ መጠን አየሩ በቀላሉ ያልፋል። በኢትዮጵያ መንገዶች ለብዙ ዘመን የታወቀው ክቡ ቮልስዋገን ቍጥሩ 0.48 ገደማ ነው፤ የዚያው ፋብሪካ የኤሌክትሪክ መኪና አይዲ 4 ግን 0.28 ገደማ ነው። ስለዚህ ክብ መሆን ብቻውን አይበቃም። አየሩ ከኋላ በኩል ተላቆ ከተሽከረከረ፣ በዚያ የሚፈጠረው የግፊት ማነስ መኪናውን ወደ ኋላ ይስበዋል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ጕዳዩ የበለጠ ክብደት አግኝቷል። ናፍጣ ያለቀበት መኪና በጀሪካን ይረዳል፤ ባትሪው ያለቀበት ግን ቻርጅ የሚደረግበት ስፍራ እስኪገኝ ይቆማል። በደጋ አየሩ ስስ በመሆኑ ተቃውሞው ይቀንሳል፤ የኤሌክትሪክ ሞተርም እንደ ቤንዚን ሞተር አየር ስለማይፈልግ በከፍታ ምክንያት ጕልበት አያጣም። ይህን ጥቅም ግን በፖርቶ መጋላ ላይ የተቈለለ ጭነት ሊያጠፋው ይችላል።

ስለዚህ ባለ መኪና የሆነ ነጋዴ የሚከተሉትን ቢያስብባቸው ይጠቀማል፤

1ኛ/ ዕቃ ውስጥ የሚገባ ሲሆን በፖርቶ መጋላ ላይ አለመጫን፤ ባዶ ፖርቶ መጋላም የሚፈታ ከሆነ ፈትቶ ማስቀመጥ፤

2ኛ/ የጭነት መኪና ሸራ እንዳይርገበገብ አጥብቆ ማሰር፤ ጭነቱንም ከጋቢናው በላይ አለማሳለፍ፤

3ኛ/ ሾፌሩን በአስፋልት ላይ ስለ ፈጠነ አለማመስገን፤ የተቈጠበውን ደቂቃና የተቃጠለውን ነዳጅ አስተያይቶ መመዘን።

ሸራ ለማጥበቅና ዕቃ ከላይ ለማውረድ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ጥቅሙ ግን በየጕዞው በነዳጅ ሒሳብ ላይ ይታያል።