ከአንዱ የስላይድ ትዕይንት ወደ ሌላው በአንድ ጠቅታ

የስላይድ ትዕይንት በባሕርዩ ቀጥተኛ መስመር ነው፤ 1ኛውን 2ኛው፣ 2ኛውን 3ኛው ይከተለዋል። የተማሪ ጥያቄ ግን ይህን ቅደም ተከተል አይጠብቅም። የ1 ሜትር ፔንዱለም አንድ ሙሉ ውዝዋዜ ለመፈጸም 2 ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል ብለን ስናስተምር፣ «ማዕዘኑ ሰፊ ቢሆንስ?» የሚል ተማሪ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በ60 ዲግሪ የተለቀቀ ፔንዱለም የተለመደው ቀመር ከሚሰጠው ጊዜ በ7 በመቶ ያህል ይዘገያልና። ማብራሪያው በሌላ ፋይል ካለና ትዕይንቱን አቋርጠን ፍለጋ ከገባን የክፍሉ ሐሳብ ይበተናል። መፍትሔው ሁለቱን ፋይሎች ማያያዝ ነው።

አሠራሩ በፓወርፖይንት እንደሚከተለው ነው፦

1. ሁለቱን ፋይሎች አስቀድመን በአንድ ፎልደር ውስጥ እናስቀምጣለን።

2. በዋናው ፋይል ላይ ማያያዣ የሚሆነውን ነገር፣ ለምሳሌ የፔንዱለሙን ሥዕል፣ እንመርጣለን።

3. «ኢንሰርት» ከሚለው ክፍል «አክሽን» የሚለውን ጠቅ እናደርጋለን።

4. «ሃይፐርሊንክ ቱ» በሚለው ሥር «አዘር ፓወርፖይንት ፕሬዘንቴሽን» የሚለውን መርጠን ፋይሉን፣ ቀጥሎም የሚፈለገውን ስላይድ እናመለክታለን።

5. በሁለተኛው ፋይል ላይ አንድ ቅርጽ ሠርተን «ኤንድ ሾው» የሚለውን ትእዛዝ እንሰጠዋለን። ይህ ቅርጽ ጠቅ ሲደረግ ሁለተኛው ትዕይንት ተዘግቶ ወደተነሣንበት ስላይድ እንመለሳለን። «ኢስኬፕ» የተባለውን ቁልፍ መጫንም ይህንኑ ያደርጋል።

ማያያዣው በተራ ጠቅታ የሚሠራው ትዕይንቱ በሚታይበት ጊዜ እንጂ ስላይዱ በሚዘጋጅበት ገጽ ላይ እንዳልሆነ ልብ ይሏል። በተጨማሪም ማያያዣ የሆነ ጽሑፍ ከሥሩ ስለሚሰመርበት ይለያል፤ ሥዕል ግን መልኩ አይለወጥም። ስለዚህ አጠገቡ ቀስት ወይም አጭር መግለጫ ማኖር ይበጃል።

አብዛኛው ችግር የሚመነጨው ማያያዣው የሌላውን ፋይል ይዘት ሳይሆን አድራሻውን ብቻ የሚይዝ መሆኑን ከመዘንጋት ነው። የፋይሉ ስም ከተለወጠ፣ ወይም ዋናው ፋይል ብቻውን ወደ ፍላሽ ዲስክ ከተገለበጠ፣ አድራሻው ባለቤት ያጣል፤ ጠቅታውም በተማሪዎች ፊት ከንቱ ይሆናል። ስለሆነም ምንጊዜም ሙሉውን ፎልደር መገልበጥ ያስፈልጋል።

መልመጃ፦ ከአንድ ዋና ፋይል ወደ ሁለት ማብራሪያ ፋይሎች የሚወስዱ ማያያዣዎችን ይሥሩ። ፎልደሩን ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ገልብጠው እያንዳንዱን የመሄጃና የመመለሻ ጠቅታ ይፈትሹ።