ትምህርት ዐሥራ ሁለት፦ «አተመ»፣ «ታተመ»፣ «አሳተመ»

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ቀድሞ በአገራችን ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። የወጣቶቹ አዲስ ሙዚቃ ግን በሸክላ እምብዛም አይታተምም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 ወጣቱ አምኃ እሸቴ «እከሰሳለሁ» ብሎ ሳይፈራ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን በሕንድ አገር አሳተመ። እስከ 1975 ድረስም ከ100 በላይ ሸክላዎችን አሳተመ።

ማስታወሻ፦ «አተመ» አድራጊ ግሥ ነው፤ ባለቤቱ የሕንዱ ፋብሪካ ነው። «ታተመ» ተደራጊ ነው፤ ባለቤቱ ሸክላው ነው። «አሳተመ» አስደራጊ ነው፤ ሥራውን በሌላ እጅ ያሠራውን፣ ኃላፊነቱንም የተሸከመውን ሰው ያመለክታል። «ሸክላው ታተመ» ብላችሁ ብትጽፉ ሰዋስዋዊ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን በሕግ ሊጠየቅ ይችል የነበረው ሰው ከታሪኩ ይወጣል።

መልመጃ፦ በሲኤምሲ ሰፈር የሚኖር አንድ ወጣት ዜማውን በኮምፒዩተር አቀናብሮ በፈረንሳይ አገር ሸክላ አሳተመ እንበል። ሦስቱንም ግሦች በመጠቀም ስለ እርሱ አንድ አንቀጽ ጻፉ። ማን ምን እንደ ሠራ በግልጽ ይታወቅ።