የኮመጠጠ መሬትን ማከም፦ ኖራ፣ ኮምፖስትና ሰብል ማፈራረቅ በአንድነት

ለሞዴል አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ - ምዕራብ ሸዋ

የትምህርቱ ዓላማ
ሠልጣኞች ይህን ትምህርት ሲያጠናቅቁ፦
- የአፈር አሲዳማነት ምን እንደሆነና ከምን እንደሚመጣ ያስረዳሉ፤
- ለምርመራ የአፈር ናሙና በትክክል ይወስዳሉ፤
- ኖራን ከኮምፖስትና ከሰብል ማፈራረቅ ጋር አቀናጅተው በማሳያ መሬታቸው ላይ ይሠራሉ።

1. መግቢያ
በጀልዱ፣ በደንዲ፣ በጨሊያና በቶኬ ኩታዬ ደጋማ ቀበሌዎች ደጋግመን የምንሰማው አንድ ቅሬታ አለ፦ «ማዳበሪያው እንደ ድሮው አልሠራም።» አርሶ አደሩ ዩሪያና ኤንፒኤስ በውድ ዋጋ ይገዛል፤ ገብሱ ግን ቀጭጮ ይቀራል፣ ባቄላው ቢጫ ሆኖ ይቆማል። በዚህ የተማረሩ አርሶ አደሮች ባቄላና አተር መዝራት ትተው ማሳቸውን ለባሕር ዛፍ እየሰጡ ነው።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የማዳበሪያው አይደለም። መሬቱ ኮምጥጧል። በአገራችን ከሚታረሰው መሬት 40 ከመቶ በላይ የሚሆነው በአሲዳማነት የተጠቃ እንደሆነ ይገመታል። እኛም የኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ለረጅም ጊዜ «ማዳበሪያ ጨምሩ» ከማለት በቀር ስለ አፈሩ ጤንነት በበቂ ሁኔታ አላስተማርንም። ይህ ትምህርት ያንን ክፍተት ለመሙላት የተዘጋጀ ነው።

2. መሬት ለምን ይኮመጥጣል?
የአፈር አሲዳማነት የሚለካው ፒኤች በሚባል መለኪያ ነው። 7 ገለልተኛ ነው፤ ከዚያ ሲወርድ አፈሩ እየኮመጠጠ ይሄዳል። ፒኤች 4.5 የሆነ አፈር 5.5 ከሆነው 10 ጊዜ የበለጠ አሲዳማ ነው። ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም በአፈሩ ውስጥ ይሟሟና ሥርን ይመርዛል። ሥሩ አጭርና ወፍራም ይሆናል፤ ውሃና ምግብ ፍለጋ ወደ ታች አይወርድም። የጨመርነውን ፎስፈረስም አፈሩ አጥብቆ ስለሚይዘው ሰብሉ አያገኘውም።

ዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች የሚከተሉት ናቸው፦
ሀ. የደጋው ከባድ ዝናብ ካልሲየምና ማግኒዥየምን አጥቦ ይወስዳል። በተለይ ቀዩ አፈር ለዚህ የተጋለጠ ነው።
ለ. እህሉንም ገለባውንም ከማሳ እንወስዳለን፤ ኩበቱን እናነዳለን። ከመሬቱ የወጣው ወደ መሬቱ አይመለስም።
ሐ. ዩሪያና መሰል ማዳበሪያዎች ያለ ኮምፖስት ለብዙ ዓመታት ብቻቸውን ሲጨመሩ አፈሩን ያኮመጥጣሉ።
መ. በአንዳንድ የሸዋ ደጋዎች ለገብስ ሲባል አፈር ተከምሮ ይቃጠል ነበር። ለአንድና ለሁለት ዓመት ጥሩ ምርት ይሰጣል፤ በኋላ ግን የአፈሩ ብስባሽ ጠፍቶ መሬቱ ይደክማል።

3. በአፈር ውስጥ ያለው ሕይወት
ጤናማ አፈር በውስጡ ብዙ ሠራተኛ አለው። የምድር ትል አፈሩን ያላላል፤ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ገለባን ወደ ምግብነት ይለውጣሉ። በባቄላና በአተር ሥር ላይ በሚታዩት ትናንሽ እባጮች ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ደግሞ ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ለሰብሉ ይሰጣሉ። በኮመጠጠ መሬት እነዚህ ባክቴሪያዎች ይመነምናሉ። ባቄላው ናይትሮጅን ያጣል፤ ከእሱ በኋላ የሚዘራው ገብስም የሚያገኘው ጥቅም ይቀርበታል። ባቄላ ከቀበሌው ሲጠፋ ንቡም የአበባ ቀለቡን ያጣል።

ጉዳዩ ከአየር ንብረትም ጋር ይያያዛል። ኩበትና ገለባ ሲቃጠሉ አፈሩን ሊገነባ የሚችለው ካርቦን ጭስ ሆኖ ይወጣል። ብስባሽ የሌለው አፈር ውሃ ስለማይዝ ዝናብ ሲዘገይ ሰብሉ ቶሎ ይጠወልጋል፤ ዝናብ ሲበረታም አፈሩ ይታጠባል። ሰብሉ ያልተጠቀመበት ዩሪያ በከፊል ናይትረስ ኦክሳይድ ወደሚባል ጋዝ ይለወጣል፤ ይህ ጋዝ ምድርን በማሞቅ ኃይሉ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 270 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ስለዚህ የባከነ ማዳበሪያ የባከነ ገንዘብም ነው፣ የአየር ንብረት ጉዳትም ነው።

4. ምን እናድርግ?

4.1 በመጀመሪያ ማስመርመር
ኮምጣጣ የመሰለ መሬት ሁሉ ኮምጣጣ አይደለም። በጊንጪና በአምቦ ዙሪያ ባለው ጥቁር መረሬ መሬት ላይ ብዙውን ጊዜ ችግሩ ውሃ መቋጠር ነው፤ መፍትሔውም ውሃውን በቦይና በመደብ ማጠንፈፍ ነው። ስለዚህ ሳይመረመር ኖራ አይጨመርም።

ናሙና ሲወሰድ በማሳው ውስጥ በዚግዛግ እየተሄደ ከ10 እስከ 15 ቦታ፣ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይቆፈራል። ከአጥር ሥር፣ ከዛፍ ሥር፣ ከመንገድ ዳርና ፍግ ከተከመረበት ቦታ አይወሰድም። የተሰበሰበው በንጹህ ዕቃ ተደባልቆ አንድ ኪሎ ያህሉ ለልማት ሠራተኛው ይሰጣል።

4.2 ኖራ መጨመር
የግብርና ኖራ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው። በዞናችን ጉደር ላይ መፍጫ ፋብሪካ አለ። ኖራ ማዳበሪያን አይተካም፤ አሉሚኒየሙን አስሮ ማዳበሪያው እንዲሠራ ያደርጋል።
- ከመዝራት ቢያንስ አንድ ወር በፊት፣ በሚያዝያ መጨረሻ ወይም በግንቦት፣ በማሳው ላይ እኩል ይበተንና ታርሶ ከአፈር ጋር ይደባለቃል። ላዩ ላይ የቀረ ኖራ ብዙ አይጠቅምም።
- ከዩሪያ ጋር በአንድ ጊዜ አይጨመርም፤ ናይትሮጅኑ በንኖ ይጠፋል።
- ነፋስ በሌለበት ሰዓት፣ አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ ይበተናል።
- መጠኑ በምርመራው ውጤት ይወሰናል። ከሚያስፈልገው በላይ መጨመርም ጉዳት አለው።

የስሌት ምሳሌ፦ ምክሩ በሄክታር 20 ኩንታል ቢሆን፣ ለሩብ ሄክታር 5 ኩንታል ያስፈልጋል።

ኖራ ከባድ ነው፤ ማጓጓዣው ወጪ አለው። ስለዚህ በኩታ ገጠም የሚያርሱ ጎረቤታሞች በአንድ መኪና ቢያስመጡ ወጪው ይቀንሳል። አቅም ካነሰ በየዓመቱ አንድ አንድ ማሳ ማከም ይቻላል። ሁሉንም መሬት በትንሽ በትንሹ ከመበተን አንዱን ማሳ በሚገባ ማከም ይሻላል።

4.3 ኮምፖስትና ገለባ
ኖራ ብቻውን በቂ አይደለም። እህልና ገለባ እየወሰድን ምንም ካልመለስን መሬቱ ተመልሶ ይኮመጥጣል። ኮምፖስት አሉሚኒየሙን ያስራል፤ ውሃ ይይዛል፤ ለነፍሳቱም ቀለብ ይሆናል። የገለባው ከፊሉ በማሳው ላይ ይቅር። ማገዶ ቆጣቢ ምድጃና ባዮጋዝ ኩበቱን ለመሬቱ ያተርፉልናል። በማሳው ዳር ብቻ የሚተከል ዛፍም የማገዶ ችግርን ያቃልላል።

4.4 ሰብል ማፈራረቅ
በታከመ ማሳ ላይ ገብስና ስንዴ ከባቄላና ከአተር ጋር ይፈራረቁ። መሬቱ እስኪታከም ድረስ አሲዳማነትን የሚችሉትን ድንችንና ግብጦን መዝራት ይቻላል።

5. የተግባር ሥራ
ሀ. በአበባ ወቅት አንድ የባቄላ ተክል በጥንቃቄ ነቅላችሁ እባጮቹን ክፈቱ። ውስጡ ሮዝ ከሆነ እየሠራ ነው፤ ነጭ፣ አረንጓዴ ወይም ባዶ ከሆነ አይሠራም።
ለ. ከማሳችሁ 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆኑ አራት መደቦችን ለዩ፦ (1) ማዳበሪያ ብቻ፣ (2) ማዳበሪያና ኖራ፣ (3) ማዳበሪያና ኮምፖስት፣ (4) ሦስቱም በአንድነት። ምክሩ በሄክታር 20 ኩንታል ከሆነ፣ ለአንድ መደብ 20 ኪሎ ኖራ ይበቃል። የአራቱንም ምርት ለየብቻው መዝኑና መዝግቡ። በልማት ቡድናችሁ ያሉ ጎረቤቶች በአጨዳ ቀን መጥተው ይዩ።

6. የመወያያ ጥያቄዎች
- በቀበሌያችሁ ከ20 ዓመት በፊት ይዘራ የነበረ፣ ዛሬ ግን የቀረ ሰብል የትኛው ነው? ለምን ቀረ?
- ከማሳችሁ በዓመት ምን ይወጣል? ምንስ ይመለሳል?
- ኖራ በጋራ ለማስመጣት ከማን ጋር መደራጀት ትችላላችሁ?

ማጠቃለያ
ጎረቤቶቻችሁ የሚያምኑት በእናንተ ማሳ ላይ በዓይናቸው ያዩትን ነው። ማሳችሁን በአንድ ዓመት ብቻ አትመዝኑት፤ ኖራ ሥራውን የሚያሳየው በተከታታይ ዓመታት ነው። በየ4 ወይም 5 ዓመቱ አፈሩን ደግማችሁ አስመርምሩ፤ ውጤቱንም በመዝገባችሁ ያዙት። መሬቱን የሚረከቡት ልጆቻችሁ ያ መዝገብ ያስፈልጋቸዋል።