የሰውነት እንቅስቃሴ ልማድ እንዳይቋረጥ ምን ማድረግ ይገባል?

ሰውነትን ማንቀሳቀስ ለጤና እንደሚበጅ የማያውቅ አንባቢ አለ ብለን አንገምትም። መምህሩ ለተማሪዎቹ ያስተምረዋል፤ የቢሮ ሠራተኛውም ለባልንጀራው ይመክረዋል። ይሁን እንጂ በዘመን መለወጫ ሰሞን በታላቅ ትጋት መራመድ ወይም መሮጥ የጀመረ ሰው ብዙ ጊዜ ኅዳር ሳይገባ ይተወዋል። ምክንያቱም ድካሙ ዛሬ ይሰማል፤ ጥቅሙ ግን ከዓመታት በኋላ የሚገኝ ነው። የደም ግፊትና የስኳር በሽታም ብዙ ጊዜ ሕመም ሳይሰማ ተደብቀው ስለሚያድጉ፣ ልማዱን የተወ ሰው ያጣውን ነገር የሚያውቀው ከዘገየ በኋላ ነው። ስለዚህ በዚህ ወር ትምህርታችን ልማዱ ጸንቶ የሚኖርበትን መንገድ እንመለከታለን።

ጄሬሚ ሞሪስ የተባሉት እንግሊዛዊ ሐኪም ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር በለንደን ከተማ ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ላይ የሚሠሩትን ሰዎች መርምረው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1953 ዓ.ም. ውጤቱን አወጡ። ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ከሚነዱት ሾፌሮች ይልቅ፣ ደረጃ እየወጡና እየወረዱ ትኬት የሚቆርጡት ሠራተኞች በልብ ሕመም የሚጠቁት በአነስተኛ መጠን ሆኖ ተገኘ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ትኬት ቆራጮቹ ደረጃውን የሚወጡት በየማለዳው ፍላጎታቸው ስለሚነሣሣ ሳይሆን፣ የሥራቸው ሥርዓት ስለሚያስገድዳቸው ነበር። ልማድን የሚያጸናው ስሜት ሳይሆን ሥርዓት ነው።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅም ይህን በራሱ ላይ አይቶታል። በውጭ አገር በትምህርት ላይ ሳለ ከማደሪያው እስከ ትምህርት ቤቱ በእግሩ ይመላለስ ስለ ነበር፣ ራሱን እንደ ትጉህ ሰው ይቈጥር ነበር። ወደ አገሩ ተመልሶ በመኪና ወደ ሥራው መሄድ በጀመረ ጊዜ ግን፣ ሌሎችን ተንቀሳቀሱ እያለ እየመከረ እርሱ ራሱ ደረጃ ሲወጣ ያለከልክ ጀመር። «ከሰኞ ጀምሮ» እያለ ቀጠሮውን ብዙ ጊዜ ካራዘመ በኋላ፣ የጎደለው እንደ ቀድሞው የሚያስገድድ ሥርዓት መሆኑን ተረዳ።

የዓለም የጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ለዐዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይበቃዋል። ይህም በሳምንት አምስት ቀን 30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ እንደ መራመድ ነው። ከ5 እስከ 17 ዓመት ለሆናቸው ልጆች ግን በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ያስፈልጋል። ይህን ሳያቋርጡ ለመፈጸም የሚከተሉት ይረዳሉ።

አንደኛ፣ ሰዓቱንና ቦታውን ቍርጥ አድርጎ መወሰን። «ሲመቸኝ እራመዳለሁ» ከማለት፣ «የመጨረሻው ደወል እንደ ተደወለ እስከ ገበያው ድረስ በእግሬ ሄጄ እመለሳለሁ» ማለት ይሻላል።

ሁለተኛ፣ በጥቂቱ መጀመር። በመጀመሪያው ሳምንት 10 ደቂቃ ይበቃል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት መጨመር ነው።

ሦስተኛ፣ ባልንጀራ መያዝ። ብቻውን የቀረ ሰው ለራሱ ሰበብ ይሰጣል፤ ባልንጀራው በደጅ ቆሞ የሚጠብቀው ግን መቅረትን ያፍራል።

አራተኛ፣ ለእንቅፋቱ አስቀድሞ መዘጋጀት። በክረምት ዝናብና ጭቃ ሲሆን በቤት ውስጥ ወይም በትምህርት ቤቱ በረንዳ ላይ መንቀሳቀስ ይቻላል። በጾም ወራትም እንቅስቃሴውን ቀለል አድርጎ ወደ መብያው ሰዓት ማስጠጋት እንጂ ፈጽሞ መተው አይገባም።

አምስተኛ፣ አንድ ቀን ቢያመልጥ ተስፋ አለመቍረጥ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. ታትሞ የወጣ የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ጥናት እንዳመለከተው፣ አንድ ተግባር ልማድ ለመሆን ለአንዱ 18 ቀን፣ ለሌላው እስከ 254 ቀን ሊፈጅ ይችላል፤ መካከለኛው ግን 66 ቀን ነው። አንድ ቀን መቅረትም ልማዱን እንደማያፈርሰው ተረጋግጧል። የሚያፈርሰው «አንዴ ተበላሽቷል» ብሎ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ቀን መድገም ነው።

በእንቅስቃሴ ጊዜ ደረቱን የሚወጋው ወይም ራሱን የሚያዞረው ሰው ወዲያው አቁሞ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ከዚህ በፊት የልብ ሕመም ያለበትም ሳይመረመር አይጀምር።

መምህራን ሆይ፣ ተማሪ ከጆሮው ይልቅ በዓይኑ ይማራል። መምህሩ በየዕለቱ በዚያው ሰዓት በዚያው መንገድ ሲራመድ የሚያይ ልጅ፣ ስለ ጤና የሚሰጠውን ትምህርት ያምናል። እንግዲህ ሰኞን ሳንጠብቅ፣ የነገውን ሰዓት ዛሬ ማታ እንወስን።