የኒውትሪኖ መጠነ ቁስ ከወዴት መጣ?

ትልቁን ነገር ሁሉም ያየዋል፤ ትንሹን ግን የሚያገኘው ተግቶ የፈለገ ነው። እኔም በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላስረዳ ያሰብሁት ኒውትሪኖ ስለምትባል እጅግ ትንሽ ቅንጣት ነው። ይኸውም ሊቃውንት የመጠነ ቁሷን ማነስ በምን በምን መንገድ እንደሚያስረዱትና ከመንገዶቹም እውነተኛው ገና ስላልተለየበት ምክንያት ነው። ዓመታቱን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

፩ኛ፤ ኒውትሪኖ ምንድን ናት?

ቮልፍጋንግ ፓውሊ የተባለ ሊቅ በ1930 ዓ.ም. አንዳንድ አተሞች ሲፈርሱ የጎደለውን ኃይል ይዛ የምትሄድ፣ የማትታይ ቅንጣት መኖር አለባት ሲል ገመተ። ስሟ ጣሊያንኛ ሲሆን ትርጓሜው «ትንሿ ገለልተኛ» ማለት ነው። ፍሬድሪክ ራይንስና ክላይድ ካዋን በ1956 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በአንድ የኑክሌር ማብላያ አጠገብ መኖሯን በሙከራ አረጋገጡ።

ከፀሐይ የሚመጡት ኒውትሪኖዎች በየሴኮንዱ 60 ቢሊዮን ያህል ሆነው በአንዲት የአውራ ጣት ጥፍር ውስጥ ያልፋሉ። በቀትር በምኒልክ አደባባይ በሚሄድ ሰው ላይ ከራሱ በኩል፣ በሌሊት በተኛ ሰው ላይ ደግሞ ምድርን ሰንጥቀው ከበታቹ ይመጣሉ፤ ሁለቱም ምንም አይሰማቸውም።

፪ኛ፤ መጠነ ቁስ እንዳላት በምን ታወቀ?

ብዙ ዘመን ኒውትሪኖ መጠነ ቁስ የላትም ይባል ነበር። ነገር ግን ሬይመንድ ዴቪስ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአሜሪካ በአንድ ጥልቅ የወርቅ ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ የፀሐይን ኒውትሪኖ ቢቆጥር ያገኘው ከተጠበቀው ሲሶውን ያህል ብቻ ሆነ። የቀሩትስ የት ገቡ? መልሱ በ1998 ዓ.ም. ከጃፓን፣ በ2001 እና በ2002 ዓ.ም. ከካናዳ መጣ። ኒውትሪኖዎች ሦስት ዓይነት ሲሆኑ በጉዞ ላይ ሳሉ ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው ይለወጣሉ። ታካኪ ካጂታና አርተር ማክዶናልድ ስለዚሁ ሥራ በ2015 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

መጠነ ቁስ የሌለው ነገር በብርሃን ፍጥነት ስለሚሄድ ለእርሱ ጊዜ አያልፍም፤ ጊዜ ካላለፈም መለወጥ የለም። እንግዲህ የምትለወጠው ኒውትሪኖ መጠነ ቁስ አላት ማለት ነው። በጀርመን አገር በካርልስሩኸ በ2025 ዓ.ም. የታተመው ልኬት ከ0.45 ኤሌክትሮን ቮልት እንደማይበልጥ ያሳያል። የኤሌክትሮን መጠነ ቁስ 511,000 ኤሌክትሮን ቮልት ስለ ሆነ ኒውትሪኖ ከኤሌክትሮን ከ1 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ታንሳለች።

፫ኛ፤ ሦስት አስተያየቶች

ቅንጣቶች እንደ እንዝርት የመሾር ጠባይ አላቸው። ኤሌክትሮን ወደ ግራም ወደ ቀኝም ስትሾር ትገኛለች፤ መጠነ ቁስ የምታገኘውም ሁለቱ በሂግስ መስክ አማካይነት ሲጠመዱ ነው። ኒውትሪኖ ግን እስካሁን የታየችው ወደ ግራ ስትሾር ብቻ ነው። አንድ በሬ ብቻውን እንደማይጠመድ ሁሉ እርሷም ጓደኛ ያስፈልጋታል።

የመጀመሪያው አስተያየት ወደ ቀኝ የምትሾረው ጓደኛ አለች፤ የተሰወረችው ከሌላው ቁስ ጋር ስለማትገናኝ ነው ይላል። ይህ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ጥማዱ እንዲህ የላላበትን ምክንያት አይነግረንም።

ሁለተኛው በ1977 በፒተር ሚንኮቭስኪ፣ በ1979 ዓ.ም. ደግሞ በያናጊዳና በጌልማን፣ ራሞንድና ስላንስኪ የቀረበው የሚዛን ሞዴል ነው። ባለ ሁለት ሳሕን የወርቅ ሚዛን እናስብ፤ አንዱ ሳሕን በከበደ ቁጥር ሌላው ከፍ ይላል። እንዲሁም የተሰወረችው ጓደኛ እጅግ ከባድ ከሆነች የምናውቃት ኒውትሪኖ እጅግ ትቀላለች። ሒሳቡ ይህ ነው፦ የተለመደውን መጠነ ቁስ በራሱ አብዝተን ለከባዷ እናካፍላለን። የተለመደው 100 ቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ቢሆን፣ በራሱ ሲበዛ 1 ከ22 ዜሮዎች ጋር ይሆናል። ከባዷ 1 ከ23 ዜሮዎች ጋር ብትሆን ውጤቱ 0.1 ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ይህም ከልኬቱ ጋር ይስማማል።

ሦስተኛው በ1980 ዓ.ም. አንቶኒ ዚ ያቀረበው ነው። በእርሱ አስተያየት መጠነ ቁሱ የሚመጣው በቀጥታ ሳይሆን በሌሎች አዳዲስ ቅንጣቶች በኩል ዞሮ ነው። ቡና ከአቦል ወደ ቶና፣ ከቶና ወደ በረካ ሲደርስ እንደሚቀጥን፣ እርሱም በየደረጃው እየቀጠነ ይደርሳል።

፬ኛ፤ እንዴት ይለያል?

«ይህ ለእኛ ምን ይጠቅመናል?» የሚሉ የትምህርት ጓደኞች አሉ። በ1986 ዓ.ም. ፉኩጊታና ያናጊዳ እንዳመለከቱት፣ ከባዶቹ ኒውትሪኖዎች በዓለም መጀመሪያ ሲፈርሱ ቁስ ከፀረ ቁስ በጥቂቱ እንዲበልጥ አድርገው ይሆናል። ሁለቱ እኩል ቢሆኑ ኖሮ ተጠፋፍተው ፀሐይም ምድርም እኛም ባልኖርን ነበር። ስለዚህ ጥያቄው የመኖራችን ጥያቄ ነው።

እኔ ሁለተኛውን ሞዴል ከሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ፤ መውደዴ ግን ማስረጃ አይሆንም። ፒያሳ በወርቅ ቤቶች ስሟን ያተረፈች ስለ ሆነች እኛ የአራዳ ልጆች ይህን በቀላሉ እንረዳዋለን፤ አንጥረኛ ቀለበቱ ስላማረ ብቻ ወርቅ ነው አይልም፤ ይፈትነዋል፣ ይመዝነዋልም። ከባዷ ቅንጣት በሰርን ካለው ታላቅ ማሽን ኃይል በቢሊዮን ጊዜያት ስለምትበልጥ በቀጥታ ልትፈጠር አትችልም። ስለዚህ ሊቃውንት በተዘዋዋሪ ይፈልጓታል። ኤቶሬ ማዮራና በ1937 ዓ.ም. እንዳሰበው ኒውትሪኖ የራሷ ፀረ ቅንጣት ከሆነች፣ አንዳንድ አተሞች ያለ ኒውትሪኖ ሁለት ኤሌክትሮኖችን ብቻ አውጥተው መፍረስ ይችላሉ። በጃፓን አገር በካሚዮካ ይህን በዜኖን ፈልገዋል፤ እስካሁንም በተረጋገጠ ሁኔታ አልታየም። ቢታይ የመጀመሪያው አስተያየት ይወድቃል፤ ከቀሩት የትኛው እንደሚያሸንፍ ለመለየት ግን ሌላ ፈተና ያስፈልጋል።

እንግዲህ የትምህርት ጓደኞቼ ሆይ፤ ይህ ጥያቄ በሌሎች ተሠርቶ ያለቀ አይደለም። የፊዚክስ ትምህርት የሚሰጥበት አራት ኪሎ ከፒያሳ በእግር የሚደረስበት ነው፤ መንገዱን የሚጀምረውም ዛሬ ሒሳቡን በሚገባ የሚሠራ ተማሪ ነው። ወላጆቻችንና መምህሮቻችንም ትንሽ የሚመስለውን ጥያቄያችንን እንዳይንቁብን በትሕትና እለምናለሁ።