የቆየ ላንድክሩዘር የፊት ጎማ ኩሽኔታና ማሰሪያ አሻሽሎ ስለ ማደስ

መግቢያ

በሚዛን ተፈሪ፣ በሸኮ፣ በቴፒና በበበቃ አካባቢ የቡና ልማት ሥራ ከመኪና ሥራ ተለይቶ አይታይም። የተሻሻለ የቡና ችግኝ ከማፍያ ጣቢያ ወደ ገበሬው ማሳ የሚደርሰው፣ እሸት ቡናም ከማሳ ወደ መፈልፈያ የሚሄደው በአብዛኛው በጭቃ መንገድና ድልድይ በሌለው ወንዝ በሚያልፍ መኪና ነው። እሸት ቡና በተለቀመበት ዕለት ካልተፈለፈለ መፍላት ይጀምራል፤ ጣዕሙ ይበላሻል፤ ደረጃውም ይወርዳል። ስለሆነም ቁልቁለት ላይ ጎማው ተቃጥሎ የቆመ መኪና የገበሬውን የዓመት ድካም ይዞ የቆመ ነው። ከዚህ የከፋው ደግሞ ጎማው ከነሞዞው ወልቆ በሰው ሕይወት ላይ የሚደርሰው አደጋ ነው።

ይህ ጽሑፍ የቆዩ ባለ ፎር ዊል መኪናዎችን፣ በተለይም ላንድክሩዘርን፣ ለሚነዱና ለሚጠግኑ የተዘጋጀ ነው። ዋና ሐሳቡም ይህ ነው፦ የፊት ጎማ ኩሽኔታ ዕድሜ የሚያጥረው ኩሽኔታው ደካማ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን፣ ውኃ ስለሚገባበት፣ ልኩን ባልጠበቀ ሁኔታ ስለሚታሰርና ያረጀ ማሰሪያ ስለሚደገምለት ነው። ስለዚህ ኩሽኔታውን ብቻ ከመለወጥ ይልቅ ማሰሪያውን፣ የውኃና የዘይት መከላከያውን እንዲሁም የአሠራሩን ዘዴ አብሮ ማሻሻል ያስፈልጋል።

1. የኩሽኔታው አሠራር

በእያንዳንዱ የፊት ሞዞ ውስጥ ሁለት ኩሽኔታዎች አሉ፤ አንዱ በውስጥ፣ ሌላው በውጭ በኩል። ተንከባላይ ብረቶቻቸው ወደ አንድ ጫፍ የሾጠጡ ናቸው። ይህን ዓይነት ኩሽኔታ ለጋሪ ጎማ አሻሽሎ እ.ኤ.አ. በ1898 የባለቤትነት መብት ያስመዘገበው ሄንሪ ቲምከን የተባለ በአሜሪካ የሚኖር ጋሪ ሠሪ ነበር። ጥቅሙም ከላይ የሚመጣውን ጭነትና ከጎን የሚመጣውን ግፊት በአንድነት መሸከሙ ነው። ሆኖም ይህን ሥራ የሚያከናውነው በልክ ሲታሰር ብቻ ነው። ከመጠን በላይ ከጠበቀ ይግልና ይቃጠላል፤ ከላላ ደግሞ ብረቶቹ ቀለበቱን ይደበድባሉ፤ ሞዞው ሲወዛወዝም መከላከያው ጎማ ይበላና ውኃ ይገባል።

እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ በተሠሩት የ40፣ ከ1980 ጀምሮ በተሠሩት የ60፣ እንዲሁም በ1984 በወጡት የመጀመሪያዎቹ የ70 ሞዴሎች ላይ ሞዞውን የሚያስረው በሁለት ዳዶዎችና በመካከላቸው ባለ አንድ ባለጥርስ ሮንዴላ ነው። የውስጠኛው ዳዶ ልክ ያስይዛል፤ የውጭው ይቆልፋል፤ የሮንዴላው ጥርሶች ታጥፈው ሁለቱም እንዳይዞሩ ያግዳሉ።

2. ብልሽቱ በአካባቢያችን የሚበዛበት ምክንያት

ሀ. በጉዞ የጋለ ሞዞ ድንገት ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፤ በዚህ ጊዜ ባረጀው መከላከያ በኩል ውኃና ጭቃ ወደ ውስጥ ይሳባል።

ለ. የአክሰሉ የውስጥ ኦይል ሲል ሲያረጅ የዲፈረንሻል ዘይት ወደ ፊት ፈስሶ ግራሶውን ያቀጥነዋል። በመሪው መታጠፊያ ዙሪያ ቀጭን ቅባት ሲንጠባጠብ ከታየ ይህ ደርሷል ማለት ነው።

ሐ. ትክክለኛው ቁልፍ ሲጠፋ ዳዶውን በመሮና በመዶሻ መምታት የተለመደ ነው። የተመታ ዳዶ ጠርዙ ይበላል፤ የብረት ፍቅፋቂውም ኩሽኔታው ውስጥ ይገባል፤ የጠበቀበትም ልክ አይታወቅም።

መ. አንድ ጊዜ የታጠፈ የሮንዴላ ጥርስ ተቃንቶ እንደገና ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ከተሰበረ ዳዶው ራሱን ያላላል።

3. ምርመራ

የፊት ጎማውን በክሪክ አንስቶ ከላይና ከታች ይዞ መነቅነቅ ነው። ጨዋታ ካለው ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥ። ፍሬን ሲያዝ ጨዋታው ከጠፋ ጉድለቱ የጎማው ኩሽኔታ ነው፤ ካልጠፋ ግን የመሪው መታጠፊያ ኩሽኔታ ሊሆን ስለሚችል እርሱ ይመርመር። ጎማው ሲዞር የማጉረምረም ድምፅ መስማትና የፍሬን ፔዳል ሲረግጡት ርቆ መውረድም ምልክቶች ናቸው።

4. አብረው መለወጥ ያለባቸው

ሀ. ሁለቱም ኩሽኔታዎች ከነውጭ ቀለበታቸው። አዲስ ኩሽኔታ በአሮጌ ቀለበት ላይ ፈጽሞ አይገጠምም። በአሮጌው ጠርዝ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ጽፎ መያዝና ስሙ የታወቀ ሠሪ ያወጣውን መግዛት ይገባል።

ለ. የሞዞው ኦይል ሲል፤ ዘይት የሚያፈስ ከሆነም የአክሰሉ የውስጥ ኦይል ሲል።

ሐ. ባለጥርሱ ሮንዴላ፤ ጠርዛቸው ከተበላም ሁለቱ ዳዶዎች።

መ. የላሉ የፍሪ ሃብ ማሰሪያ ቡሎኖችና ሾጣጣ ሮንዴላዎቻቸው።

የአክሰሉ ጫፍ በሙቀት ሰማያዊ ቀለም ከያዘ ወይም የኩሽኔታው የውስጥ ቀለበት ዞሮ ከቦረቦረው እርሱም መለወጥ አለበት። እ.ኤ.አ. ከ1999 ወዲህ የተሠሩት የ70 ሞዴሎች የፊት አክሰላቸው ስለተለወጠ መለዋወጫ የሚጠየቀው በሻንሲ ቁጥር ነው።

የላንድሮቨር ዲፌንደር ባለቤቶችም አንድ ነገር ይወቁ። የኋለኞቹ ሥሪቶች ሞዞ በአንድ ዳዶና በኩሽኔታዎቹ መካከል በሚገባ የብረት ቀለበት ይታሰራል። ቀለበቱ በልክ ተመርጦ የሚገባ ስለሆነ ልዩ ልዩ ውፍረት ያላቸው ቀለበቶች በማይገኙበት ቦታ ወደ ሁለት ዳዶ ማሰሪያ መመለስ ለጥገና ይቀላል።

5. አገጣጠም

የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች ለላንድክሩዘር ባለ 54 ሚሊ ሜትር፣ ለላንድሮቨር ባለ 52 ሚሊ ሜትር የቧንቧ ቁልፍ፣ የማጥበቂያ ኃይል የሚለካ ቁልፍና እስከ 10 ኪሎ የሚመዝን ተንጠልጣይ ሚዛን ናቸው። የቡና ጆንያ መመዝኛው ለዚህ ሥራ ሻካራ ነው።

መኪናው ደልዳላ ቦታ ይቁም፤ ጎማዎቹ በድንጋይ ይታገዱ፤ በክሪክ ብቻ ሳይሆን በጠንካራ ድጋፍ ላይ ይረፍ። የፍሬኑ መያዣ ሲወርድ በሽቦ ይታሰር እንጂ በጎማ ቱቦው አይንጠልጠል። ሞዞውና የአክሰሉ ጫፍ በነጭ ጋዝ ታጥበው ይድረቁ። ግራሶው በመዳፍ ተይዞ በተንከባላዮቹ መካከል ወጥቶ እስኪታይ ይሞላ። አሮጌና አዲስ ግራሶ አይቀላቀል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ልክ ለ60 ሞዴል ነው፤ ለሌላው የመኪናው መጽሐፍ ይታይ።

ሀ. የውስጠኛው ዳዶ እስከ 6 ኪሎ ግራም ሜትር ይጠብቅ። ይህም 1 ሜትር በሚረዝም ቁልፍ ጫፍ ላይ 6 ኪሎ የመጫን ያህል ነው። ሞዞው ወዲያና ወዲህ ደጋግሞ ይዙር።

ለ. ዳዶው በእጅ እስኪዞር ይላላ፤ እንደገናም በቀስታ ይጠብቅ።

ሐ. ሚዛኑ በጎማው ቡሎን ላይ ተንጠልጥሎ ሞዞው በሚዞርበት አቅጣጫ ይሳብ። ሞዞው መዞር ሲጀምር ሚዛኑ ከ2.8 እስከ 5.6 ኪሎ ማሳየት አለበት። ካነሰ ዳዶው ጥቂት ይጠብቅ፤ ከበለጠ ይላላ።

መ. አዲሱ ሮንዴላ ይግባ፤ የውጭው ዳዶ እስከ 6.5 ኪሎ ግራም ሜትር ይጠብቅ። የውጭው ዳዶ ሲጠብቅ የውስጡን ልክ ስለሚለውጥ በሚዛን እንደገና ይለካ። ይህ ድጋሚ ልኬት ሊዘለል አይገባም።

ሠ. ከሮንዴላው ጥርሶች አንዱ ወደ ውስጠኛው፣ ሌላው ወደ ውጭኛው ዳዶ ይታጠፍ።

6. ክትትል

ፍሬን ብዙ በማያስረግጥ መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ተነድቶ ሞዞው በእጅ ይዳሰስ። ለብ ማለቱ ችግር የለውም፤ እጅን የማያስቀምጥ ከሆነ ከመጠን በላይ ጠብቋል። በአካባቢያችን ዝናቡ ረጅም ስለሆነ ሙሉው ሥራ በየዓመቱ በየካቲት ወር፣ የጨዋታው ምርመራ ደግሞ የቡና ለቀማው ከመድረሱ በፊት በነሐሴ እንዲደረግ እንመክራለን። ከሞዞው በላይ በሚደርስ ውኃ የተሻገረ መኪና ግን ወሩን ሳይጠብቅ ተከፍቶ ይታይ። ወንዝ ከመግባት በፊትም ሞዞው እስኪበርድ ጥቂት ደቂቃ መቆም ምንም ወጪ የማይጠይቅ መከላከያ ነው።