ስሙ ወይስ መስመሩ? የዲኤንኤስ ብልሽትን በሥርዓት መመርመር

ከጥቂት ዓመታት በፊት በቤተ ሙከራችን የነበረ አንድ ኮምፒዩተር ማናቸውንም ድረ ገጽ መክፈት ተሳነው። ኬብሉን ለወጥን፤ የኔትዎርክ ካርዱን ቀየርን፤ በመጨረሻም «ሲስተሙ ተበላሽቷል» ብለን ዲስኩን ፎርማት አደረግን። በዚህም አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የሙሉ ሴሚስተር የልኬት ውጤቱን አጣ። ኮምፒዩተሩ ግን አሁንም ድረ ገጽ አልከፈተም። ለካስ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ደጋግመን የምንገለብጠው የዲኤንኤስ አድራሻ ሥራ ያቆመ ሰርቨር አድራሻ ኖሯል። ሳንለካ ለመጠገን መቸኮላችን ጥፋታችን ነበር።

ዲኤንኤስ ምን ይሠራል?

ኮምፒዩተሮች በኢንተርኔት የሚገናኙት በቁጥር አድራሻ ሲሆን፣ ሰው ግን የሚያስታውሰው ስምን ነው። ቀድሞ የስሞችና የአድራሻዎች ዝርዝር በአሜሪካ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም በአንድ ፋይል ይያዝ ነበር። መረቡ ሲሰፋ ይህ አሠራር ስላልበቃ፣ እ.ኤ.አ. በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ ዝርዝሩ በብዙ ሰርቨሮች የሚከፋፈልበትን ዲኤንኤስ ነደፈ። ኮምፒዩተራችን ስም ሲሰጠው፣ አድራሻው የተሞላለትን ሰርቨር ቁጥሩን ይጠይቃል። ያ አድራሻ ከተሳሳተ መስመሩ ደኅና ሆኖ ሳለ የተቋረጠ ይመስላል።

የምርመራው ቅደም ተከተል

1. መስመሩን ከስሙ እንለይ። በትእዛዝ መስኮቱ ፒንግ ብለን፣ የጉግል የሕዝብ ሰርቨር የሆነውን 8.8.8.8 እንጻፍ፤ ቀጥሎም በቁጥሩ ፈንታ የአንድ ድረ ገጽ ስም እንጻፍ። ቁጥሩ መልስ ሰጥቶ ስሙ «አልተገኘም» ከተባለ፣ ችግሩ የስም ነው። ሆኖም አንዳንድ ኔትዎርኮች ፒንግን ስለሚከለክሉ፣ ዝምታ ብቻውን የመስመር መቋረጥን አያረጋግጥም።

2. የተሞላውን አድራሻ እናንብብ። በዊንዶውስ አይፒኮንፊግ የተባለው ትእዛዝ ሙሉ ዝርዝሩን እንዲያወጣ ሲታዘዝ ያሳየናል። በዚያው ኔትዎርክ በደኅና ከሚሠራ ኮምፒዩተር ጋር እናነጻጽረው።

3. አንዱን ጥያቄ ለሁለት ሰርቨሮች እናቅርብ። ኤንኤስሉክአፕ በተባለው ትእዛዝ አንድን ስም በመጀመሪያ የራሳችንን ሰርቨር፣ ከዚያም ሌላ ሰርቨር እንጠይቅ።

4. ኤንኤስሉክአፕ ትክክለኛ መልስ እያገኘ ድረ ገጹ ካልተከፈተ፣ በኮምፒዩተሩ የተቀመጠ አሮጌ መልስ ወይም ሆስትስ የተባለው ፋይል ይጠርጠር።

ማስተካከያውን በተመለከተ ሁለት ነገሮችን እናሳስባለን። አንደኛ፣ ከመለወጣችን በፊት የነበረውን ቁጥር እንመዝግብ፤ በአንድ ጊዜም ከአንድ ነገር በላይ አንለውጥ። ሁለተኛ፣ የዩኒቨርሲቲ የውስጥ ድረ ገጾችን ስም ብዙውን ጊዜ የሚያውቀው የውስጡ ሰርቨር ብቻ ስለሆነ፣ የውጭ አድራሻ መሙላት እነርሱን ሊያሳጣን ይችላል። ኔትዎርኩ የሚፈቅድ ከሆነ አድራሻው በራሱ እንዲሞላ መተው ይመረጣል።

መልመጃ፦ ፒንግ በቁጥር መልስ አገኘ፤ በስም አላገኘም። ኤንኤስሉክአፕ ከ8.8.8.8 መልስ አገኘ፤ ከተሞላው ሰርቨር ግን አላገኘም። ጥፋቱ የት ነው? ዲስኩንስ ፎርማት ማድረግ ይጠቅማልን?